የሂንዴሳ የኋላ ወንበር

ጥር 5 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ ሰኞ፣ ጭሮ

ሁለት ደብተር ገዛሁ፤ አንዱ ለታሪኩ፣ አንዱ ለእኔ። ይሄኛው የእኔ ነው። ማንም አያየውም፣ ማንም አያርመውም። እኔም ራሴ ቀይ እስክሪብቶ አላነሣበትም።

ሂንዴሳ ያለችው ቤተ ክርስቲያናችን ልትፈርስ ነው። ከመሰላ በላይ ኮረብታው ጫፍ ላይ ከጽድ እንጨት የተሠራችው ትንሿ የሉተራን ቤተ ክርስቲያን። ምስጥ ምሰሶዎቿን ከሥር በልቶ ጨርሷቸዋል፤ በቦታዋ የብሎኬት ቤት ይሠራል። የመጨረሻው አምልኮ የካቲት 16 እሑድ እንዲሆን ተወስኗል፣ በማግስቱ ጣሪያዋ ይወርዳል። ቀኑ የተቆረጠው ረመዳን ሳይገባ ተብሎ ነው። እንጨቱን አውርዶ የሚሸከመው የሂንዴሳ ጎረቤት አብዛኛው ሙስሊም ነው፤ በጾም አፉ ጽድ ተሸከም አይባልም።

በዚያ እሑድ የቤተ ክርስቲያኒቱ ታሪክ ይነበባል። እንድጽፈው የተጠየቅሁት እኔ ነኝ። ቄስ ዳግማዊ ትናንት ቤቴ ድረስ መጣ። ስድስተኛ ክፍል አስተምሬዋለሁ፤ ቄስ ከሆነ ወዲህ በአፌ አንቱ እለዋለሁ እንጂ በልቤ አሁንም የቤት ሥራ የማይሠራው ዳግማዊ ነው።

«እትዬ የሺሐረግ፣ የወንጌላዊ እንዳሻው ልጅ እያሉ ሌላ ማን ይጻፈው? ሁለት ገጽ ይበቃል» አለኝ።

«ሠላሳ አራት ዓመት አማርኛ ሳስተምር ሁለት ገጽ የሚበቃው ነገር ገጥሞኝ አያውቅም» አልኩት።

እሺ ማለቴ የገባኝ እሱ ከሄደ በኋላ ነው። ቤቷን የሠራት አባቴ እንደሆነ ሁሉም ያውቃል። ከሠራት በኋላ ስምንት ዓመት ሙሉ የኋላ ወንበር ላይ መቀመጡንም ሁሉም ያውቃል። ታሪኩን የሚሰማ ሰው ለምን ብሎ መጠየቁ አይቀርም። መመለስ ያለብኝ ደግሞ እኔ ነኝ።

ጥር 7

መብራት የለም። ጉልበቴ እንደ ልማዱ። አንድ ዓረፍተ ነገር ጻፍኩ፦ «በ1962 ዓ.ም. በጌታ ጸጋና በምእመናን ብርታት ተሠራች።» ሰረዝኩት። በዚያን ጊዜ ምእመናን የምንባለው አሥራ አንድ ቤተሰብ ነበርን። ጽድ መሸከም የሚችል ወንድ ከመካከላችን አራት ነበር፤ ከእነሱም አንዱ አስም ነበረበት።

ጥር 9

ዛሬ ታሪኩን ትቼ ቤቷን ብቻ ሳስባት ዋልኩ። አሁን ገና አዲስ የመጡት «አሮጌዋ ቤት» ይሏታል። አዲስ ሆና ያየናት ስንት ቀረን?

አንደኛ ሽታዋ። ክረምት ጣውላው ውሃ ሲጠጣ የጽዱ ሽታ ይነሣል፣ ሰው ቀሚሱ ላይ ይዞት ቤቱ ይገባል። መሰላ ገበያ ላይ እንኳ የሂንዴሳ ሉተራን መሆናችንን በሽታችን ያውቁን ነበር። ሁለተኛ ጣሪያዋ። ዝናብ ቆርቆሮው ላይ ሲወርድ ስብከት አይሰማም፤ አባቴ መጽሐፉን ዘግቶ «እግዚአብሔር እየተናገረ ነው፣ እኔ ልረፍ» ይልና ይቀመጣል። እኛ ልጆቹ ሰኔን የምንወደው ለዚህ ነው። ደወላችን የመኪና ቸርኬ ነበር፣ ከሚኤሶ የመጣ፤ ከዋርካው ላይ ተንጠልጥሎ በብረት ይመታል። በበጋ ሰማዩ ጥርት ሲል ከበሩ ላይ ቆመን ታች ቆላው ድረስ እናያለን። በሚኤሶ የሚያልፈው ባቡር ራሱ አይታይም፣ ጭሱ ግን ይታያል። «ያ ምንድን ነው?» የሚል አይጠፋም፤ ሁሉም ያውቀዋል፣ ግን መጠየቅ ደስ ይላል።

ሌላ ቤት ውስጥ እንደዚያ ጸልዬ አላውቅም። ጭሮ ያለው ቤተ ክርስቲያናችን ሰፊ ነው፣ ድምፅ ማጉያ አለው፣ ምንጣፍ አለው። ምንም አይሸትም።

ጥር 12

ትናንት ጥምቀት ነበር፤ ታቦት ሲመለስ መንገድ ተዘግቶ ሚኒባሱ ውስጥ አንድ ሰዓት ተቀመጥን። ከኋላዬ ሁለት የእኛ ቤተ ክርስቲያን ሴቶች ነበሩ። አላዩኝም፤ ወይም አይተውኛል።

«ታሪኩን የምትጽፈው የታገደው ሰውዬ ልጅ አይደለችም?»

«እሷ ናት። ምን ብላ ትጽፈው ይሆን?»

«ትዘለዋለቻ።»

የተኛሁ መሰልኩ። በስልሳ ሰባት ዓመቴ የተኛች ለመምሰል ዓይኔን ጨፈንኩ። ዞር ብዬ አንድ ነገር ብላቸው ኖሮ ዛሬ ይቀለኝ ነበር።

መታገድ ምን እንደሆነ ለአሁን ልጆች በታሪኩ ውስጥ ማስረዳት ይኖርብኛል፤ ሥርዓቱ እንደ ድሮው አይጠበቅም። የታገደ ሰው ከጌታ እራት ይከለከላል፣ በር አጠገብ ካለው የኋላ ወንበር ይቀመጣል። መመለስ ሲፈልግ ጉባኤው ፊት ቆሞ ጥፋቱን በገዛ አፉ ይናገራል። ቄሱ «ትቀበሉታላችሁ?» ይላል። የተቀበለ ሁሉ ከመቀመጫው ብድግ ይላል። ከዚያ ሰውዬው ወደ ፊት ሄዶ ይቀመጣል፣ አለቀ። ነገሩ ሁሉ አምስት ደቂቃ አይፈጅም።

አባቴ አልቆመም። በወንጌላዊነት ተሾሞ ያገለግል የነበረ ሰው በገዛ እጁ ያነጠፈው ወለል ላይ፣ በገዛ እጁ የላገው የኋላ ወንበር ላይ ስምንት ዓመት ተቀመጠ። በ1970 ሲሞት እንደ ታገደ ነው የሞተው።

ጥር 14

ዛሬ ምንም አልጻፍኩም። ማሽላ አስፈጨሁ።

ጥር 16፣ ዓርብ

ሂንዴሳ ሄጄ መጣሁ። እስከ መሰላ በሚኒባስ፣ ከዚያ በሞተር። በዚህ ዕድሜዬ ሞተር ላይ! ልጁን «ቀስ በል» ስለው እሺ እሺ እያለ ያበርራል።

ጋሽ በክሪን ላነጋግር ነው የሄድኩት። ጽዱን ከተሸከሙት ሰዎች በሕይወት ያሉት እሳቸው ብቻ ናቸው። ሰባ አምስት ዓመት ሆኗቸዋል፣ ዓይናቸው ደክሟል፣ ምላሳቸው ግን እንዳለ ነው። የልጅ ልጃቸው ሳጂዳ እጄን ይዛ አስገባችኝ፣ ሻይ አቀረበች። ያሉትን እንዳሉት ልጽፈው፦

«ኤሬ የሺ! ሸመገልሽ አቦ! እኔ ነኝ እንጂ አንቺ ለምን?» አሉኝ መጀመሪያ። ከዚያ ወደ ነገሩ፣ ወደ ጉዛው ገቡ፤ እዚህ ደቦን ጉዛ ይሉታል። «አባትሽ መጀመሪያ ጉዛ ጠራን። በሻይ! በሻይና በዳቦ! መጣን፣ ጠጣን፣ እንጨቱን አየን። ከባድ ነው። ሄድን።» ሳቃቸው ሳል ሆነባቸውና ቆዩ። «ጉዛ በሻይ አይሆንም። ጎረቤት ሥራ ሲጠራሽ ጫት ታቀርቢያለሽ። ሰው ጠዋት ክብ ሠርቶ ይቅማል፣ ዱዓ ያደርጋል፣ ከዚያ ድንጋይም ቢሆን ጽድም ቢሆን ይሸከማል። የኛ ሕግ ነው። የናንተ ሕግ ደግሞ ጫት ሐራም። ጽዱ ታች ወንዙ ዳር ተኝቶ ቀረ፣ አንድ ወር። ዝናብ ደረሰ። ጎርፍ ሊወስደው ነው።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ አንድ ማክሰኞ አባትሽ ከገለምሶ መጣ፣ በአህያ። ከላይ ሣር፣ ከሥር ጫት። ዝም ብሎ ዘረገፈልን። ወላሂ እሱ አንድ ቅጠል አልነካም። ጥግ ቁጭ ብሎ እኛን ያያል። አርባ ሰው ተነሣን። አንዱን ግንድ ለአሥራ ስድስት፣ ዳገቱን በዘፈን። በሦስት ቀን ጨረስን። ያ ፈረንጁ ቄስ ሲመጣ እንጨቱ ኮረብታው ላይ ቆሟል፤ ‹ጸሎታችን ተሰማ› አለ አሉ። ተሰምቷል፣ እኛ ምን አልን?»

በጣም ሳቅሁ። ከዚያ ሻያቸውን አስቀመጡና፦

«ግን የሺ፣ ለፈረንጁ ማን ነገረው? ሃምሳ ዓመት አሰብኩ። ከኛ ሰው አይደለም። የኛ ሰው ያቃመውን ሰው አይሸጥም።»

«ማን ያውቃል ጋሽ በክሪ» አልኩ።

ሻዩን ጨረስኩ። ጥሩ ሻይ ነበር፣ ቅርንፉድ አለው። ሳጂዳ እስከ መንገዱ ሸኘችኝ፤ ነርስነት እየተማረች ነው፣ ገለምሶ። የተማረች ሴት ልጅ ማየት ደስ ይለኛል።

ጥር 20

ታሪኩ አምስት ገጽ ሆነ። የሻዩን ጉዛ፣ አህያውን፣ አርባውን ሰው ሁሉ አስገባሁ። ከማስታውሰው ውስጥ እንደዚህ በደስታ የጻፍኩት የለም። እገዳውን በአንድ መስመር አለፍኩት፦ «ይህ ነገር በቄስ ሃልቮር ዘንድ ስለ ታወቀ ወንጌላዊ እንዳሻው በነሐሴ 1962 ታገደ።» ስለ ታወቀ። ተማሪ እንዲህ ቢጽፍልኝ ከጎኑ «በማን?» ብዬ በቀይ እጽፍበት ነበር።

ያ ፈረንጁ፣ ቄስ ሃልቮር፣ ክፉ ሰው አልነበረም። የጫቱን ደንብ ያወጣው እሱ ስለሆነ ለአባቴ ብሎ ማጠፍ አልቻለም። ሚስቱ ሲስተር ኢንገር ክሊኒኩ ውስጥ ትሠራ ነበር። እኔን ትወደኝ ነበር። በ1963 መስከረም አዳሪ ትምህርት ቤት ያስገባችኝ እሷ ናት፤ ከሂንዴሳ ልጆች አንድ ቦታ ብቻ ነበር፣ ለእኔ ሰጠችኝ። ስሟን በታሪኩ ውስጥ በምስጋና ጽፌዋለሁ።

ጥር 23

መሬት ተንቀጠቀጠ፣ ሁለት ጊዜ። ይሄ ከአዋሽ በኩል የሚመጣው። ብርጭቆዎቼ ተንጫጩ። ሂንዴሳ ደውዬ ጠየቅሁ፦ አዲስ የተጀመረው የብሎኬት አጥር ተሰነጠቀ፤ ምስጥ የበላት እንጨቷ ቤት እንደ ቆመች ናት። ለቄስ ዳግማዊ ነገርኩት። «እትዬ፣ ውሳኔው ተወስኗል» አለ። አውቃለሁ። ይስማልኝ ብዬ ነው።

ጥር 27

አቶ በለጠ ጽሑፌን መልሶ ላከልኝ። የሽማግሌዎች ጸሐፊ ስለሆነ ከመነበቡ በፊት ያየዋል። ጫት የሚለውን ቃል ሁሉ ሰርዞታል። አህያውም ተሰርዟል፤ ምስኪን አህያ ምን አደረገ? በቦታው «በአካባቢው ማኅበረሰብ ትብብር» ይላል። ትብብር! አርባ ሰው ትከሻው እስኪላጥ የተሸከመው ትብብር!

ደወልኩለት። ጮህኩበት፣ አልደብቅም።

ጩኸቴን አስጨረሰኝና «እትዬ የሺሐረግ፣ የታናሽ ወንድሜን ነገር ያውቃሉ» አለኝ። «ሥራ የለው፣ ትዳር የለው፣ ቀኑን ሙሉ ቅጠል ሲያላምጥ ይውላል። ሰንበት ትምህርት ቤት ለማስተምራቸው ልጆች ቤተ ክርስቲያናችን በጫት ተሠራች ብዬ ላንብብላቸው?»

ያናደደኝም እውነት ያለው መሆኑ ነው። «አባቴ አልቃመም» አልኩት በመጨረሻ።

«ካልቃሙ ለምን ቆመው ይቅርታ አልጠየቁም?» አለኝ። «አምስት ደቂቃ ነው እኮ።»

ስልኩን ዘጋሁት። ስድ!

የካቲት 1

ወንድሜ ዓባይ ከሚኤሶ ደወለ። ጋራዥ አለው እዚያ፣ የከባድ መኪና ጎማ ሲጠግን ይውላል፤ ስልክ ላይም መዶሻው ይሰማል። አባባ ለምን እንዳልቆመ ያውቅ እንደሆነ ጠየቅሁት። እናታችን ስትሞት የሁለት ዓመት ልጅ ነበር። አዳሪ ትምህርት ቤት ከገባሁ ወዲህ ከአባባ ጎን ሆኖ ያደገው እሱ ነው።

«አንድ ጊዜ ጠይቄዋለሁ» አለኝ። «‹ቆሜ ምን ልበል? አርባ ሰው ማስተናገዴ በደል ነው ልበል? እዚያ ጣሪያ ሥር ቆሜ?› አለኝ። ደግሜ አልጠየቅሁትም።»

ከዚያ ሳልጠይቀው እንዲህ አለ፦ «አንቺ ለእረፍት ስትመጪ ከሲስተር ኢንገር ጋር ከፊት ትቀመጪ ነበር። እኔና አባባ ከኋላ። መዝሙር ሲዘመር ጎንበስ ይልና ‹የእህትህ ፀጉር አድጓል፣ አየኸው?› ይለኝ ነበር። በየእረፍቱ። ትዝ ይለኛል ስልሽ።»

ጎማ የሚያስጠግን ሰው መጣበትና ተሰነባበትን።

ለስድስት ዓመት ከኋላዬ ሆኖ ፀጉሬን ሲያይ። አንድ ቀን እንኳ ዞር ብዬ ከጎኑ አልተቀመጥኩም። ሲስተር ኢንገር ቦታ ትይዝልኝ ነበር፤ እምቢ ማለት ነውር ይመስለኝ ነበር። እንዲህ ብዬ ለራሴ ነግሬው ኖሬያለሁ።

የካቲት 3

አልተኛሁም። በቃ።

የካቲት 4

የካቲት 6፣ ሐሙስ

ከትናንት ወዲያ ቀኑን ብቻ ጽፌ ደብተሩን ዘጋሁት። ዛሬ ከቁርስ በፊት እጽፈዋለሁ፤ ከቁርስ በኋላ ምክንያት አገኛለሁ።

ለሲስተር ኢንገር የነገርኳት እኔ ነኝ።

አሥራ ሁለት ዓመቴ ነበር። አህያውን እስከ ገለምሶ መንገድ ሄጄ የተቀበልኩት እኔ ነበርኩ፤ ሣሩን ያስተካከልኩት፣ ከሥሩ ያለውን ያየሁት እኔ። አባባ «ይሄ በእኔና በአንቺ መካከል ነው» አለኝ። ሌላ ሰው አላመነም።

ያን ክረምት ሲስተር ኢንገር የአዳሪ ትምህርት ቤቱን ነገር አነሣች። አባባ እምቢ አለ። «ዓባይን ማን ይይዝልኛል?» አለ። እውነቱን ነው፤ ወንጌላዊ በእግሩ ከመንደር መንደር ይሄዳል፣ ሳምንት ሙሉ ቤት አያድርም። ሕፃኑን የማጥበው፣ የማበላው፣ የማስተኛው እኔ ነበርኩ። አለቀስኩ፣ አልሰማኝም።

አሰብኩ። ይህን ነው ለማንም ነግሬ የማላውቀው። ልጅ ናት፣ አፏ አመለጣት እንዳይባል። አፌ አላመለጠኝም። እንዲህ ብዬ አሰብኩ፦ ከታገደ አያገለግልም። ካላገለገለ ቤት ይውላል። ቤት ከዋለ ዓባይን እሱ ይይዘዋል። ከዚያ ክሊኒኩ ሄድኩና ነገርኳት። ስለ እውነተኝነቴ ራሴን ዳበሰችኝ።

ልክ እንዳሰብኩት ሆነ። በነሐሴ ታገደ፣ በመስከረም ሄድኩ። ሣጥኔን ተሸክሞ እስከ መሰላ የሸኘኝ እሱ ነው። ያወቀ አልመሰለኝም፤ ወይም እንዳላወቀ ሆነ። መኪናው ሲነሣ ዓባይን በትከሻው ይዞ ቆሞ ነበር።

ሠላሳ አራት ዓመት ያስተማርኩበት ትምህርት በዚህ የተገኘ ነው። የጡረታ ስንብቴ ቀን ስለ ታማኝነት ንግግር አድርጌያለሁ። እንዴት አላፈርኩም?

ታሪኩን እንደገና ልጀምር።

የካቲት 11

ዘጠኝ ገጽ። ለማንም አላሳየሁም። በለጠ ሁለት ጊዜ ደወለ፣ አላነሣሁለትም።

የካቲት 13፣ ሐሙስ

ዘጠኙን ገጽ ለቄስ ዳግማዊ ሰጠሁት። ፊቴ ተቀምጦ አነበበው። ፈተና ላይ ያለሁት እኔ ሆንኩ። ሲጨርስ መነጽሩን አወለቀ።

«ይህን ያነባሉ?»

«እሱን ነው የማነበው። ሌላ የለኝም። ካልተፈቀደልኝ በለጠ የራሱን ያንብብ።»

«ለእርስዎ ነው የፈራሁት።»

«ለእኔ ስንት ዓመት ተፈራልኝ? ይበቃል።» ከዚያ ዋናውን ጠየቅሁት፦ «አባቴ እገዳው ሊነሣለት ይችላል? ቤቷ ሳትፈርስ። ያቺ ቤት ከሄደች በኋላ ማን ያስታውሰዋል?»

ሥርዓቱን ያውቀዋል፣ ከእኔ ነው የሰማው። «ሥርዓቱ ሰውዬው ራሱ ይቁም ይላል» አለ። «ለሞተ ሰው የተጻፈ ነገር የለንም። አገኘሁ ብዬ ብዋሽዎት ደስ ይለኝ ነበር።»

«እኔስ? እኔ መቆም እችላለሁ።»

«እርስዎ ለራስዎ መቆም ይችላሉ። ለእሳቸው አይሆንም፤ የተናገሩባቸው እርስዎ ነዎት።» ይህን ሲል ድምፁ ዝቅ አለ፣ ግን አለው። ጎበዝ ተማሪ ሆኗል።

ስለ በለጠ ደግሞ እሱ ራሱ እንደሚያነጋግረው ነገረኝ።

የካቲት 14

ሂንዴሳ ደወልኩ። ሳጂዳ ስልኩን ሰጠቻቸው። «ጋሽ በክሪ፣ እሑድ ይምጡ፤ የተሸከሙት ጽድ ሳይወርድ ይዩት» አልኳቸው። ሌላውን በስልክ መናገር አልቻልኩም። ፈሪ ነኝ። «ኢንሻአላህ» አሉ፣ «ቤታችሁ ውስጥ ገብቼ አላውቅም እኮ። ከውጭ ነው የማውቃት።»

ሃምሳ አምስት ዓመት ጎረቤት ሆነው የገነቧትን ቤት ከውስጥ አላዩዋትም። ማን ጠርቷቸው?

የካቲት 16፣ እሑድ፣ ሂንዴሳ

የምጽፈው ዋርካው ሥር ተቀምጬ ነው። ሰዉ ምሳ እየበላ ነው። ፊደሌ የዶሮ እግር መስሏል።

ቤቷ ሞልታ ሰው በመስኮት ቆሟል። ከጭሮ፣ ከገለምሶ፣ ከሚኤሶም መጥተዋል፤ ዓባይ ኮቱን ለብሶ መጣ፣ ጥፍሩ ውስጥ ግሪስ አለ። ጋሽ በክሪ በሳጂዳ ክንድ ገቡ። ቄስ ዳግማዊ ወደ ፊት ቢጠራቸው «ለኔ እዚህ ይበቃል» ብለው በር አጠገብ ካለው ከኋላ ወንበር ተቀመጡ። የማን ወንበር እንደሆነ አያውቁም። እጃቸውን ግድግዳው ላይ አድርገው ጣውላውን ሲዳብሱት አየሁ።

በለጠ ወደ እኔ መጣና የራሱን ሁለት ገጽ በኪሱ እንደያዘ ነገረኝ። «ካስፈለገዎት» አለ። ከዚያ ማይክሮፎኑን ራሱ አስተካከለልኝ። ለካ ስድ አይደለም።

አነበብኩ። የሻዩ ጉዛ ላይ ሰው ሁሉ ሳቀ፤ ሽማግሌዎቹም ሳቁ። አህያው ላይ ሳቁ ቀነሰ፤ ወጣቶቹ ቀና አሉ። እገዳውንም አነበብኩ። ከዚያ ወረቀቱን አጠፍኩት፤ የቀረውን በቃሌ አውቀዋለሁና።

«ለሲስተር ኢንገር የነገርኳት እኔ ነኝ» አልኩ። «ልጅ ሆኜ አፌ አምልጦኝ አይደለም። ትምህርት ቤት መሄድ ስለፈለግሁ፣ አባቴ ከታገደ ቤት ይውላል፣ ወንድሜን ይይዛል ብዬ አስቤ ነው። ዓባይ፣ ይቅር በለኝ። ጋሽ በክሪ፣ ማን እንደ ሆነ ጠይቀውኝ ማን ያውቃል ያልኩት ዋሽቼ ነው። ይቅር ይበሉኝ። አባቴን የምጠይቅበት ጊዜ አልፏል።»

ዓባይን ላየው አልቻልኩም። ቄስ ዳግማዊ ተነሣ። «ትቀበሏታላችሁ?» አለ፣ እንደ ድሮው። ሽማግሌዎቹ ናቸው ያወቁት፤ ቀድመው ተነሡ። ከዚያ ሌላው ሁሉ ተነሣ። ዓባይ መነሣቱን ከጫማው ድምፅ አወቅሁ። መሬት መሬት እያየሁ ከፊት ወንበር ሄጄ ተቀመጥኩ። ማልቀሴን የሰማ ይስማ።

ቄስ ዳግማዊ ወደ ጸሎቱ ሊያልፍ ነበር። ፊቱ ላይ የቀረበት ነገር እንዳለ ያስታውቃል፤ ለአባቴ ምንም ማለት አይችልም። መጽሐፉን ገለጠ። ያኔ ነው ከኋላ ከዘራ ወለሉን የመታው።

«ቄስ፣ ቆይ» አሉ ጋሽ በክሪ።

ሁሉም ዞረ። ሳጂዳ ክንዳቸውን ስትስብ እሳቸው እጇን እያስለቀቁ ነው።

«እዚህ ሕጋችሁ ሰው ቆሞ ይናገራል አይደል? አሁን አየሁ። እንዳሻው ሞቷል፣ መቆም አይችልም። ጫቱን እሱ አልቃመም። የቃምኩት እኔ ነኝ። እኔና ሠላሳ ዘጠኝ ሰው፤ እነሱም ሞተዋል፣ አላህ ይማራቸው። ለሱ የሚቆም ሰው ካስፈለገ ይኸው፣ ቆሜያለሁ።» ትንሽ አሰቡና ጨመሩ፦ «የሺም ያኔ ልጅ ናት፣ ተዋት።»

ቄስ ዳግማዊ መጽሐፉን ዘጋው። ወደ ሽማግሌዎቹ አየ። በለጠ ከወንበሩ ጫፍ ላይ ተቀምጦ ነበር።

«ወንጌላዊ እንዳሻውን» አለ ቄስ ዳግማዊ፣ ከዚያ እንደገና ጀመረ። «ወንጌላዊ እንዳሻውን ትቀበሉታላችሁ?»

በለጠ ተነሣ። መጀመሪያ የተነሣው እሱ ነው፤ ይህን ለልጅ ልጆቼም እነግራለሁ። ከዚያ ወለሉ ሁሉ ጮኸ፤ አሮጌ ጣውላ ነው፣ ሦስት መቶ ሰው አንድ ጊዜ ሲነሣበት ይጮኻል። በመስኮት ያሉት ቀድሞም ቆመው ስለነበር እጃቸውን አወጡ። እኔ የመጨረሻዋ ነበርኩ፤ ዓባይ መጥቶ አነሣኝ።

ሰው ሲቀመጥ ጋሽ በክሪ እንደ ቆሙ ቀሩ። ዞሬ «ይቀመጡ ጋሽ በክሪ» አልኳቸው።

«አለቀ?»

«አለቀ። ተቀብለውታል።»

«እና አሁን የት ነው የሚቀመጠው?»

«ከፊት ነው» አልኳቸው።

«እሺ» አሉና ከዘራቸውን ይዘው፣ ሳጂዳን ትተው፣ በወንበሮቹ መካከል ቀስ እያሉ መጡ። ጠጋ አልኩላቸው፣ ዓባይም ጠጋ አለ። በመካከላችን ተቀመጡ።